ምዕራፍ ሰባት፦ ቧንቧውን የዘጋው ምንድን ነው?

በሰሜን ወሎ፣ ውርጌሳ ላይ የአንድ ሰው ዓይን ቢጫ ከሆነ ሐኪም ሳያየው በፊት ለበሽታው ስም ይወጣለታል። «ወፍ ነው» ይባላል። የሌሊት ወፍ በላዩ አልፎበት ወይም ሸንቶበት ነው የሚል አይጠፋም፤ የወፍ መድኃኒት አዋቂው ቤትም የታወቀ ነው። የሰንሰል ቅጠል ተወቅጦ፣ ተጨምቆ ይጠጣል። ከውጫሌ እስከ መርሳ፣ ከመርሳ እስከ ወልድያ ነገሩ ያው ነው።

ይህን የምጽፈው ለማጣጣል አይደለም። የወፍ መድኃኒት አዋቂዎች ስማቸውን ያተረፉት የዳነ ሰው ስላዩ ነው፤ ያዳነው ግን መድኃኒቱ ላይሆን ይችላል። በአገራችን ዓይን ቢጫ ከሚያደርጉት ሕመሞች መካከል የጉበት ቫይረሶች ትልቅ ቦታ አላቸው። ከእነሱ ውስጥ በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፉት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት በራሳቸው ይለቃሉ። (ነፍሰ ጡር ሴት በሄፓታይተስ ኢ ስትያዝ ግን በሽታው ነፍስ እስከ መንጠቅ ይደርሳል፤ እሷን ለአንድ ቀንም ቤት ማቆየት አይገባም።) ታማሚው ሰንሰል ጠጣም አልጠጣም ይድን ነበር፤ ምስጋናው ለሰንሰሉ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት የተገነባ ዝና በቀላሉ አይፈርስም፤ ደግሞስ ማን ያፍርሰው?

ችግሩ የሚመጣው ዓይኑን ቢጫ ያደረገው የጉበቱ ቁስለት ሳይሆን የሐሞት ቧንቧው መዘጋት ሲሆን ነው። የተዘጋ ቧንቧ በትዕግሥት አይከፈትም። ከዘጊዎቹ ሁሉ ደግሞ እጅግ ብርቅ የሆኑትና ሐኪሞችን ይበልጥ የሚያሳስቱት ካንሰር ያልሆኑት የቧንቧው ዕጢዎች ናቸው። ይህ ምዕራፍ ስለ እነሱ ነው። ብርቅ ስለሆኑ ነገሮች አንድ ሙሉ ምዕራፍ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን እነሱን ለማወቅ የሚኬድበት መንገድ የድንጋዩም፣ የትሉም፣ የካንሰሩም መንገድ ነው፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ይለያያል።

ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ያመርታል። ሐሞቱ በጉበቱ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቱቦዎች ተጠራቅሞ ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ ቧንቧ ይገባል። መርሳና ጊራና አካባቢ መስኖ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ልዩነቱ የመስኖው ውኃ ከዋናው ቦይ ወደ ትንንሾቹ ሲከፋፈል ሐሞት ከትንንሾቹ ወደ ዋናው መሰብሰቡ ነው። ዋናው ቧንቧ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ነው። የእርሳስ ውፍረት አይሞላም። በመንገዱ የሐሞት ከረጢትን ይዞ፣ በቆሽት ራስ ውስጥ አልፎ፣ ጀርመናዊው የአካል ጥናት ሊቅ አብርሃም ፋተር እ.ኤ.አ. በ1720 በገለጸው ትንሽ እብጠት በኩል ወደ ትንሹ አንጀት ይፈስሳል። አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ዕጢ ሰውን በሙሉ ቢጫ ማድረጉ የሚገርመው ይህን ጥበት ለማያውቅ ነው።

ቢጫው ቢሊሩቢን የሚባለው ቀለም ነው። 120 ቀን ገደማ የኖሩ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ይወጣል፤ ጉበት አጣርቶ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይጥለዋል። ሰገራን ቡናማ የሚያደርገው ከዚህ ቀለም የሚገኘው ውጤት ነው። ቧንቧው ሲዘጋ ቀለሙ አንጀት አይደርስምና ሰገራ ይነጣል፣ የጭቃ ወይም የአመድ መልክ ይይዛል። ወደ ደም የተመለሰው ቀለም በኩላሊት ይወጣና ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ይሆናል። የሐሞት ጨው በደም ሲጠራቀም ደግሞ ሰውነት ያሳክካል፤ በተለይ ሌሊት፣ በተለይ መዳፍና ውስጥ እግር። ሦስቱ ባንድ ላይ ከመጡ ጥርጣሬው ከጉበቱ ይልቅ ወደ ቧንቧው ያደላል። አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ታማሚዋን ስለ ሰገራዋ ቀለም በመጠየቅ ብቻ እዚህ ድምዳሜ አጠገብ መድረስ ትችላለች። ጥያቄው ግን አይጠየቅም፤ ነውር ይመስላል። ሰገራውን አይቶ የማያውቀውም ብዙ ነው፤ የጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ጨለማ ነውና።

እንግዲህ አንዲት ሴት እናስብ። እውነተኛ ሰው አይደለችም፤ በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት ከብዙዎቹ የተቀዳች ናት። የውርጌሳ ነዋሪ፣ 34 ዓመቷ፣ የሦስት ልጆች እናት። መጀመሪያ ያስቸገራት እከኩ ነው። ጎረቤቷ «ቆዳ ከሆነ ቦሩ ሜዳ ሂጂ» ትላታለች፤ ከደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳና በሥጋ ደዌ ሕክምና ከቀድሞ ጀምሮ ስሙ የታወቀ ነውና ምክሩ የዋዛ አይደለም። ጠንቃቃ የቆዳ ሐኪም ሽፍታ የሌለው እከክ ሲያይ የዓይንን ነጭ ገልጦ ይመለከታል፣ ደም ያዝዛል። ቢሊሩቢን በዴሲ ሊትር ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ግራም ሳይደርስ ዓይን ላይ በግልጽ ስለማይታይ፣ እከክ ከቢጫነት ቀድሞ መምጣቱ ያለ ነው። ይህች ሴት ግን ቅባት ተሰጥቷት ትመለሳለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓይኗ ቢጫ ሲሆን አሮጊቷ አክስቷ «ይኸው! ወፍ ነው እኮ ልጄ፣ ሌላ አይደለም» ይሏታል። ሰንሰል ሌላ ሦስት ሳምንት ይበላል።

ጤና ጣቢያ ስትደርስ የምታገኛት ነርስ እጇን በቀኝ ጎድን አጥንቷ ሥር አስገብታ ብትዳብስ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የባዝል ከተማው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ሉድቪግ ኩርቫዜ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ሕመም ሳይኖር ዓይኑ ቢጫ በሆነ ሰው ላይ የሐሞት ከረጢቱ አብጦ ከተዳሰሰ፣ መንስኤው ድንጋይ የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው። ድንጋይ ለዓመታት ያሳመመው ከረጢት ይጠነክራል፣ ይኮማተራል፤ እንደ ልቡ መለጠጥ አይችልም። ቀስ ብሎ የሚዘጋ ዕጢ ግን ጤነኛውን ከረጢት ይነፋዋል። እኔ ይህን ሕግ የምወደው መብራት ስለማይጠይቅ ነው። እርግጥ ዕጢው ካንሰር ይሁን አይሁን አይናገርም። ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባት ግን ይናገራል።

ሪፈሩ ይጻፍላታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆነች ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ደረጃውን ጠብቃ መሄድ አለባት። መድህኑ በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዷ ከውርጌሳ በስተደቡብ በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው ተሁለደሬ ነበረች፤ ዋና ከተማዋ ሐይቅ። ለብዙ ሕመም ይህ ደረጃ ትክክል ነው። ለተዘጋ ቧንቧ ግን እያንዳንዱ ደረጃ ቀን ይበላል፤ ቧንቧው ከቆሸሸና ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ደግሞ የቀረው ጊዜ በሰዓት ይቆጠራል።

ነገሩ የሚለወጠው አልትራሳውንዱ ላይ ነው። ወልድያ ወይም ደሴ፣ ጨለም ባለች ክፍል፣ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ተደርጎ። የሚፈለገው ዕጢው አይደለም፤ ትንሽ ዕጢ በአልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ አይታይም። የሚፈለገው የቧንቧው ስፋት ነው። የቧንቧ መስፋት ከታየ የወፍ መድኃኒቱም፣ የቫይረሱም ጉዳይ ወደ ጎን ይባላል፤ መዘጋት አለ ማለት ነው። የት? በጉበቱ ውስጥ ያሉት ቱቦዎች ሰፍተው ከረጢቱ ባዶ ከሆነ መዝጊያው ወደ ላይ ነው፣ ቱቦዎቹ ከጉበቱ በሚወጡበት፣ የጉበት በር በሚባለው ቦታ። ከረጢቱም ዋናው ቧንቧም ካበጡ ታች ነው፣ ወደ ቆሽቱ። አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ በ15 ደቂቃ የሚሰጠው ይህ መልስ ቀጥሎ የሚመጣውን ወጪ ሁሉ ይወስናል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ሲዘረፉና መሣሪያዎቻቸው ሲሰባበሩ አካባቢው ካጣቸው ነገሮች አንዱ ይህ 15 ደቂቃ ነበር።

ምን ሊሆን ይችላል? ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያስበው ብዙ ጊዜ የሚገኘውን ነው፤ ማሰብ ያለበትም እንደዚያ ነው። የሐሞት ድንጋይ አለ። የወስፋት ትል አለ፤ ከአንጀት ተነሥቶ በፋተር እብጠት በኩል ወደ ላይ ይወጣና አልትራሳውንዱ ላይ እንደ ረጅም ክር፣ አንዳንዴም ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የዚህ መድኃኒት አልቤንዳዞል ነው፣ ርካሽ ነው። ሳንባ ነቀርሳ አለ፤ በጉበት በር ያሉትን ንፍፊቶች አሳብጦ ቧንቧውን ከውጭ ይጫናል። ሳንባ ነቀርሳ በብዛት ባለባት አገራችን ይህን መርሳት ይቅር የማይባል ነው፣ ምክንያቱም የሚድን በሽታ ነው። ከዚያ የቆሽት ራስ ካንሰር፣ የራሱ የቧንቧው ካንሰር። የአሜሪካዊው ጄራልድ ክላትስኪን ስም የተሰጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በሰፊው የገለጸው የጉበት በር ካንሰር ከእነዚህ አንዱ ነው።

ካንሰር ያልሆኑት ዕጢዎች የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከጉበት ውጭ ባለው የሐሞት ቧንቧ ላይ ከሚበቅሉ ዕጢዎች ውስጥ 6 በመቶ ገደማ እንደሆኑ በሕክምና ድርሳናት ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ብዙዎቹ አዴኖማና ፓፒሎማ የሚባሉት፣ ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን የሚነሡ ናቸው። አዴኖማ ወደ ታችኛው ጫፍ፣ ወደ ፋተር እብጠት አካባቢ ይበዛል። ካንሰር አይደለም ማለት ግን ሰላማዊ ነው ማለት አይደለም፤ ከተተወ በዓመታት ውስጥ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ፓፒሎማው በአንድ ቦታ ሳይወሰን ቧንቧውን ተከትሎ በብዙ ቦታ ሲበቅል ደግሞ ፓፒሎማቶሲስ ይባላል። ንፍጥ መሳይ ፈሳሽ እያመነጨ ቧንቧውን ይዘጋል፣ ከተቆረጠ በኋላም ይመለሳል፣ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። ስሙ ከካንሰር ዝርዝር ቢወጣም የቀዶ ሐኪሞች እንደ ካንሰር የሚያዩት ለዚህ ነው።

ቀሪዎቹ እጅግ ብርቅ ናቸው፤ ከጡንቻ የሚነሣ አለ፣ ከስብ፣ ከነርቭ። በውስጣቸው በውኃ የተሞላ ከረጢት የሚሠሩም አሉ፣ በአብዛኛው በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች ጉበት ውስጥ የሚገኙ፤ በበግና በውሻ አካባቢ በምንኖር ሰዎች ዘንድ ከውሻ ኮሶ ትል ከሚመጣው የጉበት ከረጢት ጋር መምታታታቸው ያስቸግራል። አንዱን ግን ለይቼ ላቆየው እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ለእኛ አንባቢ ቅርብ ነው። ግራኑላር ሴል ዕጢ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1926 የገለጸው ሩሲያዊው የፓቶሎጂ ሊቅ አሌክሲ አብሪኮሶቭ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የሌኒንን አስከሬን የመረመረው ይኸው ሰው ነው። አብሪኮሶቭ ከጡንቻ የተነሣ መስሎት ነበር፤ ኋላ ነርቭን ከሚያለብሱ ሕዋሳት እንደሚነሣ ታወቀ። አብዛኛውን ጊዜ ምላስና ቆዳ ላይ ይገኛል። በሐሞት ቧንቧ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን ከዚያ ወዲህ በተመዘገቡት ታማሚዎች ውስጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ወጣት ናቸው፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ጥቁሮች ናቸው። የቧንቧ ካንሰር ግን ባብዛኛው ዕድሜው የገፋን ሰው ይመርጣል። ስለዚህ የ34 ዓመቷ የውርጌሳ ሴት ፊልም ላይ ጠባብ ቦታ ሲታይ «ካንሰር» ከማለት በፊት ዕድሜዋን ማየት ይገባል። ዕድሜዋ ካንሰርን አያስቀርም። ሌላ ነገር ሊኖር እንደሚችል ግን ይመሰክራል። ይህ ዕጢ ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ ሰውየው ዳነ ማለት ነው።

አንድ ተጨማሪ፦ ቀደም ሲል የሐሞት ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና ያስወጣ ሰው ከዓመታት በኋላ ቧንቧው ቢዘጋ፣ የተቆረጠው ነርቭ ጫፍ አድጎ የፈጠረው እብጠት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ኦፕራሲዮን ሆነሽ ታውቂያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ለይስሙላ የሚጠየቅ አይደለም።

አሁን አስቸጋሪው ቦታ ላይ ደረስን። ሲቲ ስካኑ ተነሣ። በማግኔት የሚሠራው የቧንቧ ምስል፣ ኤምአርሲፒ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዓለም ላይ ተስፋፍቶ ቧንቧውን ያለ ምንም መርፌ ከላይ እስከ ታች ያሳያል። ምስሉ የሚያሳየው ምንድን ነው? ጠባብ ቦታ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ወይም ወደ ውስጥ የወጣ ትንሽ እብጠት። ካንሰርም እንደዚሁ ነው የሚታየው። ግራኑላር ሴል ዕጢም እንደዚሁ። በሰውነት መከላከያ መዛባት የሚመጣውና ከአይጂጂ4 ፕሮቲን ጋር የተያያዘው የቧንቧ ቁስለትም እንደዚሁ፤ እሱ በስቴሮይድ ኪኒን የሚጠፋ ነው። ለሕክምናው ዓለም ትልቅ ትምህርት የሆነው በሌሎች አገሮች በጉበት በር ካንሰር ጥርጣሬ ከፍተኛ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች ውስጥ ከአሥር አንድ ገደማ፣ በአንዳንድ ሆስፒታልም ከዚያ በላይ፣ የወጣው አካል ሲመረመር ካንሰር አለመገኘቱ ነው። ምስሉን ያነበቡት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ምስል ቅርጽን ያሳያል እንጂ ሕዋስን አያሳይም።

የደም ምርመራውስ? ሲኤ 19-9 የሚባለው የካንሰር አመልካች ብዙ ታማሚዎች በግል ላቦራቶሪ ከፍለው ያሠሩታል፣ ውጤቱ ከፍ ብሎ ሲመጣ ቤቱ ለቅሶ ይሆናል። ነገር ግን ይህ አመልካች ቧንቧ ስለተዘጋ ብቻ ይጨምራል፤ ዘጊው ድንጋይ ቢሆንም። ቧንቧው ቆሽሾ ከሆነማ ጣሪያ ይነካል። ሐሞቱ ከፈሰሰ በኋላ እንደገና ተለክቶ ካልወረደ ነው ትርጉም የሚኖረው። ከሰዎች ውስጥ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ በተፈጥሯቸው ይህን ንጥረ ነገር ስለማያመነጩ ካንሰር ቢኖራቸውም ዝቅ ብሎ ይወጣል። ዓይኑ ቢጫ በሆነበት ሳምንት የተሠራን ሲኤ 19-9 ይዞ ማልቀስ ትርፉ ዕንባ ነው።

ስለዚህ ሥጋ ያስፈልጋል፤ ቅንጣት ሥጋ፣ በማይክሮስኮፕ የሚታይ። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ኢአርሲፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ዋሽንግተን ውስጥ ዊልያም ማክኩንና ባልደረቦቹ በአፍ የሚገባ ካሜራ ተጠቅመው የፋተር እብጠትን ቀዳዳ አግኝተው ቀለም ረጩበት። እ.ኤ.አ. በ1974 በጃፓንና በጀርመን ሐኪሞች ያን ቀዳዳ በኤሌክትሪክ ሽቦ ማስፋት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ማውጣት፣ ቱቦ ማስገባት፣ በብሩሽ ጠርጎ ሕዋስ መውሰድ የሚቻል ሆነ። በእኛ አገር ይህ አገልግሎት በአብዛኛው የሚገኘው በአዲስ አበባ በጣት በሚቆጠሩ ቦታዎች ነው፤ ከውርጌሳ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ፣ መንገዱ ክፍት ሲሆን።

የብሩሹ ጉዳይ ግን የሚያሳዝን ነው። ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ውስጥ እንኳን የሚይዘው ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ዕጢው ከሽፋኑ ሥር ከሆነ፣ ግራኑላር ሴል እንደሚሆነው፣ ብሩሹ የላዩን ጤነኛ ሽፋን ጠርጎ ይመለሳል። «ካንሰር አልተገኘም» የሚለው ወረቀት ስለዚህ «ካንሰር የለም» ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ለታማሚ ማስረዳት አድካሚ ነው። በቧንቧው ውስጥ ራሱ የሚገባ ቀጭን ካሜራ ባላቸው አገሮች ዕጢው በዓይን እየታየ ይቆነጠራል፤ ነገሩ ይሻሻላል፣ አያልቅም። በቆዳ በኩል መርፌ አስገብቶ መቆንጠጥም ይቻላል፤ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችል ከሆነ ግን ካንሰር ከሆነ በመርፌው መንገድ ሕዋሱን ሊዘራው ስለሚችል ጠንቃቃ ሐኪም አይቸኩልም። አንድ የቅደም ተከተል ጉዳይ ልጨምር፦ በተቻለ መጠን ሲቲው ወይም ኤምአርሲፒው ቱቦ ከመግባቱ በፊት መነሣት አለበት። ቱቦው ከገባ በኋላ ግድግዳው ይቆጣል፣ ቧንቧው ይከስማል፣ ምስሉ ይደበዝዛል። ከወልድያ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ሁለቱ የተገለባበጡባት ታማሚ መልስ የማግኘት ዕድሏን ታጣለች፤ ፊልሙን ቤት ረስታ የሄደችም እንደዚያው።

ሴትዮዋ አሁን ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ናት እንበል። ባሏ ፊልሙን በፕላስቲክ ይዟል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ወሎ የተወለደ።

«እህቴ፣ ቧንቧሽ ላይ ትንሽ እብጠት አለ። ምን እንደሆነ ሳናወጣው ማወቅ አልቻልንም።»

«ካንሰር ነው ወይ፣ ዶክተር?»

«ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። አብሽሪ።»

ይህን ንግግር ብዙ ሐኪም አይወደውም፤ ታማሚም አይወደውም። እውነቱ ግን ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት በዓለም ላይ የለም። የማልስማማው ከሌላኛው ልማድ ጋር ነው፦ ቤተሰቡን ለብቻ ጠርቶ «ካንሰር ነው፣ ወደ አገሯ ውሰዷት» ማለት። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ወደ ጸበል ወይም ወደ ዱዓ ይሄዳል። ጸበሉም ዱዓውም የራሱ ቦታ አለው፤ ያለ ሥጋ ምርመራ የተሰጠ ፍርድ ግን ሊታከም የሚችለውን ሰው ከሕክምና ያወጣዋል። ሳንባ ነቀርሳው፣ የአይጂጂ4 ቁስለቱ፣ አዴኖማው፣ ግራኑላር ሴሉ ሁሉም በዚህ ፍርድ ሥር ተጠቅልለው ይቀበራሉ። ስንት እንደሆኑ የሚቆጥራቸውም የለም፤ ያልተመረመረ ሥጋ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ሐኪሙ ሁለት ምርጫ አለው። ቧንቧውን ከዕጢው ጋር ቆርጦ አንጀት መቀጠል፣ ወይም ዕጢው ታች ከሆነ የቆሽቱን ራስ ጭምር ማውጣት። ሁለተኛው የአለን ዊፕል ስም የተሰጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የተገለጸው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሰዓታት የሚፈጅ፣ ከባድ። በሁለቱ መካከል ለመወሰን የሚረዳው ከተቆረጠው ላይ ቅንጣት ወስዶ በቅዝቃዜ አጠንክሮ እዚያው ማየት ነው፤ ፓቶሎጂስቱ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይመልሳል። ዕጢው ካንሰር ካልሆነና ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ የቆሽቱ ራስ ይተርፋል። በአገራችን የፓቶሎጂ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም በብዛት በትልልቅ ከተሞች ናቸው፤ ቀዶ ሐኪሙ ሆዱ በተከፈተ ታማሚ ፊት ብቻውን የሚወስንበት ጊዜ ብዙ ነው። በጥርጣሬ ላይ ሆኖ ሰፋ አድርጎ መቁረጡን አልወቅስም። ካንሰር ሆኖ ቢቀር የሚመለስ ዕድል የለም።

የመጨረሻው መልስ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ፣ በሰም ተጋግሮ፣ በጥቂት ማይክሮን ውፍረት ተሰንጥቆ፣ ቀለም ተቀብቶ። ለግራኑላር ሴል ኤስ-100 የሚባል ተጨማሪ ቀለም ይቀባል፣ ከነርቭ ሽፋን መነሣቱን የሚያረጋግጥ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ነገር አለ፦ ታማሚዋ ዳነች፣ ዓይኗ ነጣ፣ ሰገራዋ ቀለም አገኘ፣ ወደ ውርጌሳ ተመለሰች። የፓቶሎጂው ወረቀት አዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ካንሰር እንዳልሆነ ማንም አልነገራት፤ አዴኖማ ስለነበረ በየጊዜው መታየት እንዳለባትም ማንም አልነገራት።

ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ያነበባችሁ፣ በተለይ ውርጌሳ በምትገኝበት በሀብሩ ወረዳና በአካባቢው ያላችሁ፦ ዓይን ቢጫ ሆኖ ሰገራ ከነጣና ሽንት ከጠቆረ ሰንሰሉን አቁማችሁ አልትራሳውንድ ጠይቁ። ትኩሳት ከተጨመረበት ሌሊቱን አታሳድሩት። ሪፈር ስትሄዱ የቀደመውን ፊልምና ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ኦፕራሲዮን ከተደረገ የፓቶሎጂውን ውጤት በእጃችሁ ተቀበሉ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ በየስንት ጊዜ መታየት እንዳለባችሁ በጽሑፍ አስጽፉ። የሥጋው መልስ ሳይመጣ «ካንሰር ነው፣ ተውት» ያላችሁም፣ «ምንም አይደለም» ብሎ ያሰናበታችሁም ካለ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።